የአባ መቀስ ወንበር

ፀጉር አስተካካይ ሆኖ ዝምተኛ ሰው ማግኘት ይቸግራል። ይሄኛው ግን እጁ እንጂ አፉ አይሠራም ነበር። ሰላም ይላል፤ «እንዴት ላድርገው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሲጨርስ ትንሿን መስታወት ከኋላ ይዞ «ይበቃል?» ይላል፤ በቃ። ስለዚህ ነው ሰዉ ሁሉ «ጨምቱ» ብሎ የጠራው። ወጣትነቱን በሙሉ ያሳለፈው በሌላ ሰው ፀጉር ቤት ውስጥ፣ ጥግ ላይ ከነበረችው የመጨረሻ ወንበር ጀርባ ቆሞ ነው። ጥርሱን ያመመው፣ ከሚስቱ የተኳረፈ፣ ከቀብር የተመለሰ፣ በአጭሩ ወሬ ያስጠላው ሰው ሁሉ ሌሎቹ ወንበሮች ባዶ ሆነው እያየ የእሱን ተራ ይጠብቅ ነበር።

የፀጉር ቤቱ ባለቤት ሲሞት ልጆቹ ቤቱን ለመድኃኒት ቤት አከራዩት። ሠራተኛው መቀሱን በፎጣ ጠቅልሎ ወደየፊናው ተበተነ። ጨምቱም የእሱን ጠቅልሎ ቤቱ ገባና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ዝም ብሎ ሲያየው ቆየ። ሚስቱ ዳቦ ቤት ሻጭ ናት፤ በሆዷ ያለውን ምላሷ ላይ ለማምጣት ጊዜ የማይወስድባት ሴት። «በሰው ወንበር ጀርባ ቆመህ አረጀህ፤ ከአሁን በኋላ እንኳ የራስህ ወንበር ይኑርህ» አለችው። ለክፉ ቀን ብለው ያስቀመጡትን አወጡና ቀድሞ ጫማ ጠጋኝ ይሠራባት የነበረች ጠባብ ክፍል ተከራዩ። ግድግዳውን ራሳቸው ቀቡት። ሁለት ጊዜ ቀብተውትም የማስቲሹ ሽታ ፀሐይ ሲመታው ብቅ ይል ነበር።

አዲስ ዕቃ መግዛት የማይታሰብ ስለነበር ጨምቱ ከአውቶብስ መናኸሪያው ጀርባ ያሉትን የአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች አንድ በአንድ ዞረ። እዚያ ሰፈር ሞተ የተባለ ነገር ሁሉ እንደገና ይነሳል፤ አንዳንዱ ግን ባይነሳ ይሻለው ነበር። ከፍ ብሎ ዝቅ የማይል ወንበር አየ። ነጋዴው ምንም ሳያፍር «ከፍ ያለ ምን ሊያደርግ ይወርዳል?» አለው። ፊትን እንደ ዱባ የሚያሰፋ መስታወት አየ። ጥርስ ሐኪም ዘንድ የነበረ ወንበር አየ፤ የተቀመጠበት ሰው ሁሉ ሳያስበው አፉን የሚከፍት ይመስላል። ጨምቱ እያንዳንዱን ይቀመጥበታል፣ ፔዳሉን ይረግጣል፣ አንገት ማስደገፊያውን ይጫናል፣ ገልብጦ ሆዱን ያያል። አንዱ ነጋዴ ትዕግሥቱ አልቆ «ወንበር ነው የምትገዛው ወይስ ሚስት ነው የምታጨው?» ሲለው ሳቀና ገልብጦ ማየቱን ቀጠለ። በመጨረሻ ከተዘጋ ክሊኒክ የወጣ አግዳሚ ወንበርና አንድ በሩ አልገጥም ያለ መደርደሪያ ገዛ። ወንበርና መስታወት ግን አላገኘም፤ ያለ እነሱ ደግሞ ፀጉር ቤት የለም።

እንዲህ ሲንከራተት ነው አንድ ደላላ ያገኘው። ደላላው ሙሉ ዕቃ አለ አለው፤ ወንበሩ፣ መስታወቱ፣ ምላጩ፣ መታጠቢያ ሳህኑ፣ ሁሉም አንድ ላይ። የአንድ አዛውንት ፀጉር አስተካካይ ነው። ሰውየው ደም ግፊት ጥሏቸው ቀኝ እጃቸው ሰንፏል፤ ቤተሰቡ ሊሸጥ ነው። ደላላው ስማቸውን ሲጠራ ጨምቱ ወዲያው አወቃቸው። በሙያው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ «አባ መቀስ» እያለ ያወራላቸው ነበር፤ በማሽን ሥራ የሚጨርሰውን ሁሉ እንደ ሰነፍ የሚቆጥሩ፣ እስከ መጨረሻው በመቀስ የሠሩ ሰው ናቸው።

በሩን የከፈተችለት ልጃቸው ነበረች። በእሱ ዕድሜ ያለች፣ ከሥራ መጥታ ወደ ሥራ የምትመለስ የሚመስል ፊት ያላት ሴት ናት። ቤቱ ከተዘጋ ሰንብቷል፤ ሆኖም የተዘጋ አይመስልም። ፎጣዎቹ አራት እጥፍ ሆነው ተደርድረዋል። የሳሙናው ብሩሽ ፀጉሩን ወደታች አድርጎ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። በመስታወቱ ጠርዝ ዙሪያ የልጆች ፎቶዎች ተሰክተዋል፤ የመጀመሪያ ፀጉራቸውን የተቆረጡ፣ ገሚሶቹ የሚያለቅሱ ልጆች። ወንበሩ መሐል ላይ ቆሟል። ታቹ ከባድ ብረት ነው፤ ክንዶቹ ነጭ፤ የመቀመጫው ቆዳ አንድ ቦታ ተቀዶ በቀጭን ክር፣ ስፌቱ ሊታይ በማይችል ጥንቃቄ ተሰፍቷል። ጨምቱ ፔዳሉን ሲረግጠው ያለ ምንም ድምፅ ከፍ አለ። ሲለቀው እንደሚያስተኙት ሕፃን ቀስ ብሎ ወረደ። እንዲህ ዓይነት ወንበር በሕይወቱ አልነካም።

«አባትሽ ተስማምተዋል?» አላት።

ልጅቷ ፎቶዎቹን ከመስታወቱ ጠርዝ እየነቀለች ነበር። ዞር አላለችም። «አባዬ ከእንግዲህ አይሠራም» አለች።

ጥያቄና መልሱ እንዳልተገናኙ ጨምቱ ገብቶታል። የገባው ያኔውኑ፣ እዚያው ቆሞ ነው። ግን እጁ የወንበሩ ክንድ ላይ ነበር፤ ክንዱ ደግሞ ለስላሳና ቀዝቃዛ ነበር። ደግሞ ብጠይቃት ነገሩ ይበላሻል ብሎ ፈራ። ዝም አለ፤ ዝም ማለት ለእሱ ቀላል ነው።

ብሎኖቹን ሲፈታ የጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። ወንበሩ ሲነሳ ሲሚንቶው ላይ ክብ፣ ከሌላው ወለል የነጣ ቦታ ቀረ፤ ልብስ ሰፊው ያንን አይቶ ራሱን ነቀነቀና ወደ ሥራው ተመለሰ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለጨምቱ እንደ ሕልም ነበሩ። ወንበሩን ሰም ቀባው። መስታወቱን ከመስኮቱ ትይዩ ሰቀለው፤ ጠባቧ ክፍል እጥፍ ሆነች። የድሮ ደንበኞቹ አንድ ሁለት እያሉ መምጣት ጀመሩ፤ ሚስቱም ከዳቦ ቤት ስትመለስ ጎራ እያለች ደንበኛ በሌለ ጊዜ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታሳርፍ ነበር። «አሁን ሰው ሆንን» አለች አንድ ቀን። እሱ ወለሉን እየጠረገ ፈገግ አለ።

አንድ ጠዋት ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የቆለፉ፣ በግራ እጃቸው ከዘራ የያዙ አዛውንት ገብተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ፀጉራቸው ጆሯቸውን አልፎ ወርዷል። ጨምቱ የጀመረውን ሰው ጨርሶ ፎጣውን አራገፈና «ጋሼ፣ ተራዎ ነው፤ ይምጡ» አላቸው።

«እኔ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም» አሉ። «ሌላ ሰው ነው የማስቀምጥበት።»

የጨምቱ እጅ ፎጣው ላይ ቀረ።

ልጃቸው ቤቱ እየታደሰ ነው ብላቸው ነበር። ሐኪሙ ትንሽ ትንሽ ይራመዱ ስላላቸው ማንንም ሳያማክሩ የዕድሳቱን ነገር ለማየት ወጡ። ፀጉር ቤታቸው ሲደርሱ ግን ያገኙት ስልክ የሚጠግን ወጣት የቆመበትን ባንኮኒ ነው። ልብስ ሰፊው ነው ወንበር ስቦ ያስቀመጣቸው፤ ውሃ ሰጥቶ፣ እየተቸገረ፣ ዕቃቸው ወዴት እንደሄደ የነገራቸውም እሱ ነው።

«ማን ሸጠልህ?» ሲሉ ልጅዎ ናት አላቸው። «እኔንስ የጠየቀኝ ማን ነው?» አሉ። እንደ ምንም ብሎ በሕጋዊ መንገድ እንደገዛ፣ ገንዘቡንም በእጇ እንደከፈለ ተናገረ። «የከፈልከው ለእኔ አይደለም» አሉት። እስከ ምሳ ሰዓት ተቀምጠው ኮፍያቸውን አድርገው ሄዱ።

በማግስቱም መጡ። በሦስተኛውም ቀን መጡ። አይሳደቡም፣ አይለምኑም፣ ደንበኛ አያባርሩም። አግዳሚው ላይ ይቀመጡና የጨምቱን እጅ ያያሉ። የእሳቸው ቀኝ እጅ ጉልበታቸው ላይ እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ተጋድሟል። ጨምቱ በዚያ ዓይን ሥር መሥራት አቃተው። ዕድሜውን ሙሉ ያለ ሐሳብ ሲይዘው የነበረው መቀስ እንደ ተዋሰው ሆነበት። አንድ ቀን የአንድ ጸሐፊ ጆሮ ጫፍ ቆረጠ፤ ደሙ አንገትጌው ላይ ጠብ ሲል ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሌላ ቀን ደግሞ የአባ መቀስ የድሮ ደንበኛ የሆነ ሰው ግማሽ ፀጉሩ ተቆርጦ ሳለ በመስታወቱ ውስጥ አያቸው። ሁኔታውን ሲረዳ ጨርቁን ከአንገቱ ፈትቶ እንዲያው በግማሽ ራሱ ወጥቶ ሄደ።

ጨምቱ ደላላውን ፈለገው። ደላላው ስልኩን ያነሳና ድምፁን ሲለይ «መስመሩ አይሰማም» ብሎ ይዘጋል። ሚስቱ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቅ ብላ ሁለቱን አየቻቸው፤ አንዱ ቆሞ፣ አንዱ ተቀምጦ። ማታ ራት እያቀረበች፣ «አንተ ዝም፣ እሳቸው ዝም፤ ፀጉር ቤት ነው የከፈትከው ወይስ ለቅሶ ቤት?» አለችው። ወይ ፖሊስ ጥራ፣ ወይ ሽማግሌ ሰብስብ፣ ብቻ አንድ ነገር አድርግ አለችው። ፖሊስ መጥራት አልሆነለትም። እኒያን ሰውዬ ፖሊስ ክንዳቸውን ይዞ ሲያስወጣቸው ማሰብ እንኳ አሳፈረው።

ስለዚህ ልብስ ሰፊውና በሁለቱም ወገን የሚታወቁ ሁለት ትልልቅ ሰዎች በአንድ የዕረፍት ቀን እዚያችው ክፍል ውስጥ ተቀመጡ። ልጅቷም ተጠርታ መጣች። ሰዎቹ ሁሉንም አዳመጡ። እሷን ለምን ሸጥሽ ሲሏት «ቸግሮኝ ነው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም፤ የቦርሳዋን ማንገቻ እያየች ተቀመጠች። አባቷ ያ ችግር ምን እንደሆነ እንድትናገር ጠበቁ። በመጨረሻ ሰዎቹ ገዢው በደል የለበትም አሉ፤ ያላወቀውን ነገር አይጠየቅበትም። ልጅቷም ክፉ አስባ አይደለም፤ ቸኩላ ነው። እንግዲህ የሆነው ሆኗል፤ ይቅር ተባባሉ አሏቸው።

ጨምቱ «ያላወቀውን» ሲሉ መሬት መሬት አየ።

ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «እሱ አልበደለኝም፤ እሺ» አሉ። «እሷም አልበደለችኝም፤ እሺ። ታዲያ እኔን ማን በድሎኝ ነው እንዲህ የሆንኩት?»

ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። በማግስቱ ሳይመጡ ቀሩ፤ ከዚያም በኋላ አልመጡም።

ጨምቱ እፎይ የሚል መስሎት ነበር። ነገር ግን ባዶው አግዳሚ ከሰውየው ይልቅ ያየው ጀመር። ደንበኛ ሊቀመጥበት ሲሄድ «እዚያ አይደለም» ሊል አፉ ይከፈታል። ፔዳሉን በረገጠ ቁጥር ያ ያለ ድምፅ ከፍ የሚለው ነገር ከእግሩ ሥር የሆነ ነገር የሚነግረው ይመስለዋል። ድሮ ሌሊት እንቅልፍ ቢያጣ እንኳ ቀን ሰላም አጥቶ አያውቅም ነበር፤ አሁን ሁለቱንም አጣ። አንድ ቀን ማለዳ፣ ቤቱን ሳይከፍት በፊት፣ ብሎኖቹን ፈታ። ጋሪ ገፊ ጠራና ወንበሩን በብርድ ልብስ ሸፍኖ ወሰደው።

የሽማግሌው ቤት ሁለት ክፍል ነው። ብቻቸውን ነበሩ፤ ልጃቸው ሥራ ናት። ጋሪው ደጃፍ ሲቆም በመስኮት አዩትና ቀስ ብለው መጥተው በሩን ከፈቱ።

«የት ላስቀምጠው?» አላቸው።

«እዚያ፣ መስኮቱ ሥር።»

ጠረጴዛውን ገፍተው፣ ሣጥኑን አዙረው፣ ወንበሩን አቆሙት። ግማሽ ክፍሉን ያዘው። ሽማግሌው በግራ እጃቸው ክንዱን ዳሰሱ፤ የተሰፋውን ቦታ ፈልገው አገኙት። ሰሙን ሲነኩ ጣታቸውን አሽተቱት። ከዚያ አልጋቸው ላይ ተቀመጡና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ጨምቱ ምስጋና አልጠበቀም ማለት ውሸት ነው፤ ጠብቋል። አልመጣም። በሩን ራሱ ዘግቶ ወጣ።

ሚስቱ ከሰዓት በኋላ ስትመጣ ወለሉ ላይ አራት ቀዳዳ ብቻ አገኘች፤ አንድ ደንበኛ ከቤት በመጣ የምግብ ወንበር ላይ፣ አራት እግሩ ሥር ሳንቃ ተደርጎለት ተቀምጧል። ሰው ፊት አልተናገረችም። ሰውየው ሲሄድ ግን «የኔ ጌታ፣ አንተ ለመንግሥተ ሰማያት ትኬት ቆረጥክ፤ እኔና ልጆችህ በምን እንሂድ?» አለችና አለቀሰች። የእሷም ድካም እዚያ ወንበር ውስጥ እንዳለ ረስቶት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተኳረፉ።

ሥራው ወዲያው ላላ። ደንበኛ አንገቱን የሚያስደግፍበት ስለሌለ ጢም መላጨት ቀረ። ረጃጅሞቹን ለመቁረጥ እሱ በእግሩ ጣቶች ይቆማል፤ አጫጭሮቹን ለመቁረጥ ይጎነበሳል። ማታ ወገቡን ይዞ ይገባል። እንዲህ እያለ ሳለ ነው የሽማግሌው ልጅ አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ የመጣችው። ልታመሰግነው የመጣች መስሎት ነበር፤ ፎጣ ወስዶ አግዳሚውን ጠረገላት። አልተቀመጠችም።

«ወንድሜ፣ ጽድቅ መስሎህ እንዳደረግኸው አውቃለሁ» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። አባቷ ወንበሩ ቤት ከገባ ጀምሮ ቀና ብለው እንደማያዩዋት ነገረችው። ያቀረበችላቸውን ይበላሉ፣ መድኃኒታቸውን ከእጇ ይውጣሉ፤ ቃል ግን የለም። ባዕድ ሰው የመለሰውን ልጄ ወሰደችብኝ ይላሉ በሆዳቸው። «ለእሱ ወንበሩን መለስክለት፤ ለእኔ አባቴን ማን ይመልስልኝ?»

ከዚያ ሳታስበው ሁሉም ወጣ። ገንዘቡ የሄደው ለሐኪም ቤት ነው። አባቷ የሚያውቁት ግን ሌላ ከተማ ያለው ልጃቸው እንደከፈለ ነው፤ እሷው ናት እንደዚያ ያለቻቸው። ወንድምዬው ያኔ ስልክ እንኳ አላነሳም። አባትዬው አልጋ ላይ ሆነው «ልጄ ሰማ ወይ? ምን አለ?» ሲሏት፣ ልባቸውን ለመስበር ስላልቻለች «ሁሉንም እሱ ከፍሏል፤ አታስብ» አለቻቸው። ይህን አሁን ብታፈርሰው አባቷን ደግማ ልትጥላቸው ነው።

«ለማንም አልተናገርኩም» አለች ዓይኗን በሻርፕዋ ጫፍ እየጠረገች። «ለአንተ የነገርኩህ አፍህ የታሰረ ስለሆነ ነው። እንዳትናገርብኝ።»

እሺ አላት። ቢናገር አደራ በላ፤ ባይናገር እሷ ባልሠራችው በደል በገዛ ቤቷ ውስጥ እየተቀጣች ትኖራለች። ለሚስቱ ነገራት፤ ከኩርፊያው ወዲህ ሙሉ ነገር ሲነግራት የመጀመሪያው ነው። ሚስቱ እስኪጨርስ ሰማችው። «ያኔ አንዲት ጥያቄ ደግመህ ብትጠይቅ ኖሮ ይህ ሁሉ የለም» አለች። «ዝምታህን ሰው ሁሉ ጨዋነት ይለዋል። እኔ አብሬህ ስለምኖር አውቀዋለሁ፤ ግማሹ ፍርሃት ነው።»

ይህን ነገር ይዞ ሰነበተ። ከዚያ አንድ ቀን ፀጉር ቤቱን በጊዜ ዘግቶ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄደ።

ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ፊታቸው ወደ መስኮቱ። ፈቅደውለት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ለመጀመር ረጅም ጊዜ ፈጀበት፤ እሳቸውም አላገዙትም።

«ጋሼ፣ እኔ ያኔ አውቄ ነበር» አለ በመጨረሻ። «አባትሽ ተስማምተዋል ወይ ብዬ ስጠይቃት አልመለሰችልኝም። እንዳልተጠየቁ ገባኝ። ወንበሩን ስለፈለግሁት ነው ዝም ያልኩት። ሰዎቹ አላወቀም ሲሉም ዝም አልኩ።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ከመስኮቱ አላነሱም። ጨምቱ ቀጠለ። ገንዘቡ የትም አልባከነም፤ ሐኪም ቤት ነው የገባው አለ። እዚህ ላይ የወንድ ልጃቸው ነገር መጣበትና ምላሱ ተያዘ።

«ጨርሰው» አሉት።

ጨረሰው። ቃሉን ሲያፈርስ የሴትየዋ ፊት ታየው።

ከዚያ ሽማግሌው «ወንድ ልጄን የወለድኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ከፈለ ስትለኝ እንዳልከፈለ ያኔውኑ አውቄያለሁ። እሱ ሳንቲም ቢሰጥ ኖሮ ራሱ ደውሎ ይነግረኝ ነበር፤ እየደጋገመ። እሷ እኔን ላለማሳዘን ዋሸች፤ እኔም እሷን ለማሳረፍ ያመንኩ መሰልኩ። ይህ አይደለም የቆረቆረኝ።»

የግራ እጃቸውን አንሥተው ቀኙን ከጉልበታቸው ላይ ወደ ወንበሩ ክንድ አዛወሩት።

«እጄ ሞተ እንጂ እኔ አልሞትኩም። እኔ በሕይወት እያለሁ ነው ዕቃዬን እንደ ሟች ዕቃ ያወጣችው። አባዬ፣ ተቸግረናልና ወንበሩን እንሽጠው ብትለኝ ኖሮ በዚህ በግራ እጄ ብሎኑን እፈታላት ነበር። ለገዢው የቱን ዘይት እንደሚወድ እነግረው ነበር። የነፈገችኝ እሱን ነው።»

«እንግዲያው ይህንኑ ይንገሯት» አለ ጨምቱ።

«አንተ ንገራት። ወሬኛው አንተ ነህ።»

ሳቃቸውን ይሁን ቁጣቸውን መለየት አልቻለም። ዘይቱ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት እንደሆነ ግን ሲወጣ ነገሩት።

ለልጅቷ ነገራት። መንገድ ላይ ጠብቆ፣ ቆማ ሳለች፣ የሆነውን ሁሉ ከራሱ አደራ መብላት ጀምሮ። ጥላው ሄደች። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ በፊቱ ስታልፍ ወደ ማዶ ትሻገር ነበር፤ ጨምቱም ይገባኛል ብሎ ተቀበለው። ሌላ ወንበር ለመግዛት ወደ መናኸሪያው ጀርባ ሲመለስ ነጋዴዎቹን «ይህ የማን ነበር? ባለቤቱ የት ነው? ራሱ ነው ያመጣው?» እያለ አሰለቻቸው። ጠያቂነቱን የሰማ አንዱ ነጋዴ መርማሪ ነው ብሎ ፈርቶ ዕቃውን ሸፈነበት። ቆይቶ፣ ሥራ ሊተው ከወሰነ ሰው ከራሱ እጅ አንድ ወንበር ገዛ። ሲዞር ይጮኻል፣ ቀይ ቆዳው ተሰነጣጥቋል፣ ከዚያኛው ጋር አይወዳደርም። ከሄዱት ደንበኞች የተመለሱ አሉ፤ የቀሩም አሉ። ሚስቱ እስካሁን ስለዚያ ወንበር ሲነሳ ፊቷ ይጠቁራል፤ እግሯን ያሳረፈችበት እሱ ብቻ ነበርና።

የክረምቱ ዝናብ ሲያባራ የሽማግሌው ልጅ አንድ ቀን ፀጉር ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመች። «የአባዬ ፀጉር በዝቷል። ሌላ ሰው አላስነካም ብሏል» አለች።

ጨምቱ መቀሱንና ማበጠሪያውን ይዞ ሄደ። ሽማግሌው መስኮቱ ሥር ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። ፎጣ አንገታቸው ላይ አሰረ። ከማጅራታቸው ጀመረ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው የመቀሱን ድምፅ ያዳምጣሉ፤ ሲፈጥን ጣታቸውን ብድግ ያደርጋሉ፣ እሱም ይዘገያል። ልጅቷ ውሃ በጎድጓዳ ሳህን ይዛ ገባችና መስኮቱ ጋ ቆማ ማየት ጀመረች። እርቅ ወርዶ እንደሆነ ጨምቱ አላወቀም፤ ከገባ ጀምሮ አባትና ልጅ አልተነጋገሩም።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡ። «ብርሃኑን ጋረድሽበት፤ ዞር በይ» አሏት።

«እሺ አባዬ» አለች ልጅቷ። ዞር አለችና ሳህኑን በሁለት እጇ እንደያዘች ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠች። ጨምቱም ወደ ጆሯቸው ዙሪያ አለፈ።